ነጭ የደም ሴል የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ ይዘረጋል? ስለ በለስ እሾህ፣ ስለ መግልና ስለ ኒውትሮፊል

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«የ11 ዓመት ልጄ በለስ ሲለቅም እሾህ መዳፉን ወጋው። በአምስተኛው ቀን እጁ አብጦ መግል ያዘ። ጤና ጣቢያ ወሰድኩት፣ ተበጣ፣ መድኃኒትም ታዘዘለት። የደም ምርመራው ላይ ግን ኒውትሮፊል 82 በመቶ ይላል፤ ጎኑ ላይ የቀስት ምልክት አለበት። ትልቋ ልጄ ኮሌጅ ናት። 'ማሚ፣ ኒውትሮፊል እኮ የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ አውጥቶ ባክቴሪያ ያጠምድበታል' አለችኝ። ቀልድ መሰለኝ። ዲኤንኤ የዘር መረጃ አይደል እንዴ? ያንን አውጥቶ ከጣለ ልጄ ምን ሊቀረው ነው? ደግሞስ 82 በመቶ ያሰጋል?»

በድሬ ወግ አንቺ ልበልሽ። እኛ ጋ አንቱታ ሲበዛ ሰው የተቀየሙት ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ከሚያስጨንቅሽ ልነሳ። 82 በመቶ ማለት ከመቶ ነጭ የደም ሴሎች 82ቱ ኒውትሮፊል ናቸው ማለት ነው። በጤና ጊዜ ቁጥሩ በአብዛኛው ከ40 እስከ 70 ባለው ውስጥ ይዋልላል። መዳፉ መግል የቋጠረ ልጅ ከፍ ቢልበት ሥርዓቱ ነው። መቅኔው ጥሪ ደርሶት ተጨማሪ ጦር ልኳል። ቀስቷን ማሽኑ ነው የሚያትማት፤ ማሽኑ ስለ እሾሁ አያውቅም። ሐኪሙ ያላስደነገጠሽ ለዚህ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ ተቃራኒውም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። አንዳንድ ጤነኛ አፍሪካውያን፣ እኛም ውስጥ ያሉ፣ በተፈጥሯቸው የኒውትሮፊል ቁጥራቸው ዝቅ ያለ ነው። ዳፊ ከሚባል የደም ዓይነት ጋር የተያያዘ ነው። ሰውዬው ምንም ሳይሆን ወረቀቱ «ዝቅተኛ» ይለዋል፤ የወረቀቱ መለኪያ በአብዛኛው ከአውሮፓውያን ደም የተወሰደ ስለሆነ። ይቺን ያዣት፣ አንድ ቀን ለጎረቤት ትጠቅማለች።

አሁን ወደ መረቡ። ልጅሽ ልክ ናት። ያንቺም ጥርጣሬ ግን ቦታው ላይ ነው፤ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ነገሩ ይፋ ሲሆን ብዙ ሳይንቲስቶች የጠየቁት ያንቺኑ ጥያቄ ነው።

ኒውትሮፊል ከነጭ የደም ሴሎች ሁሉ ብዛት ያለው ነው። መቅኔ በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ያመርታል። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ደም ውስጥ ገብቶ ብዙ ሳይቆይ ያልቃል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ኒውክለሱ፣ ማለትም ዲኤንኤው የሚቀመጥበት ክፍል፣ እንደሌሎቹ ድቡልቡል አይደለም። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴ አምስት ቦታ ተከፋፍሎ በቀጭን ክር ተያይዟል፤ መቁጠሪያ ላይ እንዳሉ ዶቃዎች። የላብራቶሪ ተማሪ መጀመሪያ ለይቶ የሚያውቀው ሴል እሱ ነው።

የዚህ ሳይንስ ታሪክም ከእሾህ ነው የሚጀምረው። በ1882 (እ.ኤ.አ.) ኢሊያ ሜችኒኮፍ የሚባል ሩሲያዊ ተመራማሪ ጣሊያን፣ ሲሲሊ ደሴት፣ መሲና ከተማ ነበር። የባሕር ኮከብ የሚባለው እንስሳ ጫጩት ሰውነቱ እንደ መስታወት ያሳያል። ሜችኒኮፍ የጽጌረዳ እሾህ ሰካበትና አደረ። ጠዋት ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት ነበር። «ሴሎች ጠላትን ከበው ይውጣሉ» የሚለው ሐሳብ ከዚያ መጣ፤ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ከፖል ኤርሊክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። ልጅሽ መዳፍ ላይ የሆነው ያው ነው፤ የእሱ በበለስ ሆነ እንጂ።

ከሜችኒኮፍ በኋላ ለመቶ ዓመት ከዚያም በላይ ኒውትሮፊል ሁለት ሥራ አለው ሲባል ኖረ። አንዱ መዋጥ ነው። ባክቴሪያውን ጎርሶ ሆዱ ውስጥ ይፈጨዋል። ሁለተኛው መርጨት ነው። በውስጡ በትንንሽ ከረጢቶች የያዘውን መርዛማ ፕሮቲን ደጅ ላይ ያፈሰዋል። በ2004 በርሊን በሚገኘው በማክስ ፕላንክ የኢንፌክሽን ባዮሎጂ ተቋም እነ ፎልከር ብሪንክማንና አርቱሮ ዚችሊንስኪ ሦስተኛውን አሳዩ። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ከተቀሰቀሱ ኒውትሮፊሎች ቀጫጭን ክሮች ወጥተው ተዘርግተዋል፤ ባክቴሪያዎቹ ክሩ ላይ ተጣብቀዋል። ክሩ ምንድን ነው? ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም ሲጨምሩበት መረቡ ተበታተነ።

እንዴት ይወጣል ለሚለው፣ ክር ላይ ትንሽ እንቆይ።

በአንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ሴሉ ራሱ ግን ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ እምብዛም አይበልጥም። ያ ሁሉ ክር እዚያ ውስጥ የሚገባው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሞ ነው። ሐረር መኪና ግርግር ሄደሽ ልብስ ሰፊዎቹን አይተሽ ታውቂ የለ? ክሩ ማጠንጠኛው ላይ እያለ በመዳፍ ይያዛል። አንዴ ከማጠንጠኛው ከተፈታ ግን ማሽኑንም ጠረጴዛውንም ይወርሳል፤ መልሰሽ ልጠቅልለው ብትዪ አይሆንም።

ኒውትሮፊል ሆን ብሎ የሚያደርገው ይህንን ነው። ጠላቱን ሲነካ በውስጡ አንድ ኢንዛይም ይነሳና ኦክስጅንን ወደ ተናካሽ ኬሚካሎች ይቀይራል። አንዱ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው፤ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ የሚደፍቀው ያው መድኃኒት። ከዚያ ከረጢቶቹ ውስጥ ተዘግቶ የነበረው ኢላስቴዝ የሚባል ፕሮቲን ቆራጭ አምልጦ ወደ ኒውክለሱ ይገባል፤ ሂስቶኖቹን መቆራረጥ ይጀምራል። ሌላም አለ፣ ፓድ 4 የሚሉት። ዲኤንኤና ሂስቶን የተያያዙት እንደ ማግኔት ነው፤ አንዱ ኔጌቲቭ አንዱ ፖዘቲቭ ሆነው። ፓድ 4 የሂስቶኑን ፖዘቲቭነት ይቀንሰዋል። መያዣው ሲላላ ክሩ ይለቃል፣ ያብጣል፣ የኒውክለሱ ሽፋን ይቀደዳል። ዶቃዎቹ ጠፍተው አንድ ደመና ይሆናሉ። ደመናው ከከረጢቶቹ ፕሮቲን ጋር ተለውሶ በመጨረሻ የውጭው ሽፋን ሲፈነዳ ይዘረገፋል። ከተቀሰቀሰበት እስከ ፍንዳታው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይወስዳል። ሴሉ በዚያው ይሞታል። ሙያተኞቹ ኔቶሲስ ይሉታል።

ክር ብቻውን ምን ያደርጋል ካልሽ፣ ሽሮፕ ውስጥ የሚነከረውን ጣፋጭ፣ ሙሸበክን አስቢ። ስሙ በዐረብኛ የተጠላለፈ፣ መረብ የሆነ እንደማለት ነው። ረመዳን ላይ ትኩሱን ገዝተሽ ለጥቂት ደቂቃ ሳትሸፍኚው ብትረሺው ዝንቡ የት እንደሚቀር ታውቂያለሽ። የሚይዘው ሊጡ አይደለም፤ ሽሮፑ ነው። የኒውትሮፊል መረብም ሽሮፕ አለው። ኢላስቴዙ የባክቴሪያውን መሣሪያዎች ይቆራርጣል። ሂስቶን ራሱ ባክቴሪያ ይመርዛል። ካልፕሮቴክቲን የሚባለው ደግሞ ዚንክን ጠራርጎ ይይዝና ካንዲዳ የተባለውን ፈንገስ በረሃብ ይቀጣዋል። አፍ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው፣ ሕፃናትን የሚያስቸግረው ፈንገስ ነው ካንዲዳ።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ መረብ አይጥልም? ራሱን የሚያስከፍል ስለሆነ። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ኒውትሮፊል የጠላቱን መጠን እንደሚለይ አሳይቷል። ትንሽ ባክቴሪያ ከሆነ ይጎርሰዋል፤ ኢላስቴዙም ወደ ጉርሻው ስለሚሄድ ለኒውክለሱ አይተርፍም። እንደ ክር እየረዘመ የሚያድግ ፈንገስ ወይም የተጓጎለ የባክቴሪያ ክምር ሲያጋጥመው ግን ጉርሻው ከአፉ ይበልጣል። ያኔ ነው መረቡ የሚመጣው። ይህ ለእኔ ከጠቅላላው ታሪክ በጣም የሚያምረው ክፍል ነው፤ ማንም አዛዥ ሳይኖር አንድ ቆራጭ ኢንዛይም የት ሄደ በሚለው ብቻ ውሳኔው ይወሰናል።

ሳይሞት የሚጥልበት መንገድም አለ። በሰዓታት ሳይሆን በደቂቃዎች ውስጥ ዲኤንኤውን በትንንሽ ከረጢት እየቋጠረ ያስወጣል። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ቆዳ ላይ በስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ኢንፌክሽን ታይቷል፤ ብጉንጅን በብዛት የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። ኒውክለሱን የጣለው ኒውትሮፊል ከዚያም በኋላ ይሄዳል፣ ባክቴሪያም ያሳድዳል። የበዓል ዶሮ አንገቷ ከተቆረጠ በኋላ ግቢውን ስትዞር አይተሽ እንደሆነ፣ እንደዚያ ነው።

መረቡ ራሱ ይገድላል ወይስ ይዞ ብቻ ያቆያል? እዚህ ላይ ባለሙያዎች አልተስማሙም። በአንዳንድ ሙከራዎች መረቡ ሲቆረጥ ባክቴሪያው በሕይወት ወጥቷል። እኔ ዋናው ሥራው መያዝ ነው ወደሚሉት አደላለሁ። ተይዞ የቆመ ባክቴሪያ ወደ ደም አይሰራጭም፤ ሌሎቹ ሴሎች ደርሰው እስኪውጡት ጊዜ ይገዛል። ትንሽ ነገር አይደለም።

በዓይንሽ ካላየሽ አታምኚም መሰለኝ፣ ስለዚህ ላብራቶሪ የማይፈልግ ማስረጃ ልንገርሽ። ላም ወይም ግመል የሚያልብ ዘመድ ካለሽ የእንስሳት ሐኪም ጡቷ ታሟል ወይ ብሎ ሲመረምር ሄደሽ እዪ። አራት ጎድጓዳ ቦታ ባለው የፕላስቲክ ሳህን ላይ ትንሽ ወተት ያልባል። የሳሙና ዘር የሆነ ፈሳሽ ይጨምርበታል። ሳህኑን ያሽከረክራል። ወተቱ ጤነኛ ከሆነ እንዳለ ይፈሳል። ጡቷ ከታመመ ወተቱ እንደ ተልባ ይለጠልጣል፣ ሳህኑን ሲያዘነብለው ተያይዞ ይመጣል። ያ ልጥልጥ ዲኤንኤ ነው። ሳሙናው ወተት ውስጥ ያሉትን ነጭ የደም ሴሎች አፈንድቶ ክራቸውን አወጣው። በ1957 (እ.ኤ.አ.) ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ ምርመራ ነው፤ ዛሬም ይሠራል። እርግጥ እዚያ ክሩን የሚያወጣው ሳሙናው ነው፣ መረብ ውስጥ ደግሞ ሴሉ ራሱ ነው። ክሩ ግን ያው ክር ነው።

የልጅሽ መግልም በጣት ሲነካ የሚሳበው በዚሁ ምክንያት ነው። መግል ማለት የሞቱ ኒውትሮፊሎች፣ ክራቸውና የያዙት ባክቴሪያ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ መግል ስላይድ ላይ ቀብቼ ቀለም ሳነክር በሴሎቹ መካከል ሮዝ ክር ክር የሚል ነገር አየሁ። ያስተማረን ሰው «አቀባብህ ነው፣ ሴል ቀደህ ነው፣ እለፈው» አለኝ። ምናልባትም ቀድጄ ይሆናል። ግን ከበርሊኑ ሥራ በፊት ስንት ሰው እንዲህ አይቶ እንዳለፈው ሳስብ ይገርመኛል።

ስለ ዘር መረጃው ያነሳሽው ደግሞ አጭር መልስ አለው። ኒውክለስ ያለው የልጅሽ ሴል ሁሉ ያንኑ ጽሑፍ ይዟል። ኦርጅናል የሚባል የለም፣ ሁሉም ፎቶ ኮፒ ነው። ቀይ የደም ሴል እንዲያውም ምንም ሳይኖረው ነው የሚሠራው። ኒውትሮፊል ያለችውን ኮፒ ቀዶ ወጥመድ ቢሠራባት መቅኔው ውስጥ ያሉት እናት ሴሎች ነገ ሌላ ያወጣሉ።

ጠላትም ዝም ብሎ አይያዝም። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ መቀስ አለው፤ ዲኤንኤ የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመነጫል። መረቡን ቆርጦ ይወጣል። ከዚያም አልፎ ቁርጥራጩን በሌላ ኢንዛይም ወደ መርዝ ይቀይረዋል፤ መርዙ ለማጽዳት የሚመጡትን ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች ይገድላል። ይህ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ነው የታወቀው። ብጉንጅ መሐሉ ለምን መግል ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ከሚያስረዱት ነገሮች አንዱ ነው። ቶንሲል የሚያመጣው ስትሬፕቶኮከስም መቀስ አለው። የኛ ሰውነት በዚያ መቀስ ላይ አንቲቦዲ ይሠራል፤ ላብራቶሪም ያንን አንቲቦዲ ለክቶ «ይህ ልጅ በቅርቡ ስትሬፕቶኮከስ ይዞት ነበር» ይላል። የልብ ሕመም በሚያስከትለው የቁርጥማት ትኩሳት ምርመራ ላይ ያገለግላል።

አሁን ብዙዎች የሚረሱት ነገር። መረብ ከተጣለ መነሳት አለበት። ደማችን ውስጥ ዲኤንኤዝ የሚባሉ የራሳችን መቀሶች አሉ፤ የተጣለውን ይቆራርጣሉ፣ ማክሮፌጅ ፍርፋሪውን ይበላል። ዋና ዋናዎቹ ሁለት መቀሶች የሌሏቸው አይጦች ላይ በ2017 (እ.ኤ.አ.) ሙከራ ተደርጎ ነበር። ኒውትሮፊል እንዲበዛባቸው ሲደረግ መረቡ ደም ሥራቸውን ደፍኖ ገደላቸው። ሰው ላይም መረቡ የደም መርጋትን ያግዛል፤ በኮቪድ በጠና የታመሙት ሳንባ ውስጥ በብዛት ተገኝቷል። ሉፐስ የሚባለው ሕመም ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ደማቸው መረቡን በወጉ አይቆርጥም፤ ያልተነሳው ክር ሰውነት በራሱ ዲኤንኤ ላይ እንዲነሳ ከሚያደርጉት አንዱ ነው።

ለእኛ ለድሬዎች ቀረብ የሚለው ወባ ነው። ጥገኛው ቀይ የደም ሴል ሲያፈነዳ ሄም የሚባል ነገር ይፈሳል። ሄሙ ኒውትሮፊሎችን መረብ ያስጥላቸዋል። ወባው ግን በዚያ አይጎዳም። ይልቁንም ደም ሥሮቹ ይቆጣሉ፣ የተያዙት ቀይ ሴሎች ግድግዳው ላይ ይጣበቃሉ፣ በሽታው ይጠናል። እዚያ ቦታ መረቡ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። ወባን የሚመክተው መረብ አልጋ ላይ የሚሰቀለው አጎበር ነው።

ለዚህ ነው «በሽታ የመከላከል አቅም ጨማሪ» እየተባለ በየሱቁ የሚሸጠው ዱቄትና ጠብታ የማይዋጥልኝ። ጨመረ እንበል፤ የቱን ነው የጨመረው? መጣሉን ወይስ ማንሳቱን? ማርሽን በሻይ ጠጪ፣ ጥሩ ነው። መረቡን ግን ለራሱ ተዪለት።

መረብ በጤናም ጊዜ ይጣላል። ጠዋት ስትነሺ ዓይንሽ ጥግ ላይ የምትጠርጊው አይናር ውስጥ አለ። ማታ ዓይን ሲጨፈን ኒውትሮፊሎች ወደ ዓይኑ ገጽ ይመጣሉ፤ አቧራውንና ባክቴሪያውን በክራቸው ጠቅልለው ጥግ ላይ ያስቀምጡታል። የድሬን አቧራ ለሚያውቅ ስንት ሥራ እንደሆነ ይገባዋል።

ለልጅሽ የምለው። መዳፉን አትጭመቂው፤ መጭመቅ የታጠረውን ወደ ጤነኛው ሥጋ መግፋት ነው። የቁልቋል ወተትም ሆነ ሌላ የሚያቃጥል ነገር አታድርጉበት። የታዘዘውን አንቲባዮቲክ ሕመሙ ቢተወውም እስከመጨረሻው ይውሰድ፤ የተረፈ ካፕሱል ለታናሹ ይቀመጥ የሚባል ነገር አይኑር። ትኩሳት ከመጣ፣ ቀይ መስመር ከመዳፉ ወደ ክንዱ ከወጣ፣ ወይም ጣቶቹን ማጠፍና መዘርጋት ካቃተው ሳታድሪ ወደ ሆስፒታል። የእጅ መዳፍ ጅማት ስለሚበዛበት ቀልድ አያውቅም። እሱ ላይ ወይም ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ላይ ብጉንጅ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ስኳር ይለካ። ስኳር ከፍ ሲል ኒውትሮፊሎች መረብ ለመጣል ይቸኩላሉ፤ የበዛው መረብም ቁስሉ ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን አልጻፍሽልኝም። ሲበጣ እሾሁ ወጥቷል? በለስ ትልቁ እሾህ ብቻ አይደለም ያለው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ፣ ሲነካ የሚረግፉ ብዙ ጥቃቅን አሉት። አንዷ ውስጥ ከቀረች ኒውትሮፊሎቹ መምጣታቸውን አያቆሙም፤ ቁስሉ ይደርቃል፣ መልሶ ያብጣል። ራጅ ደግሞ የተክል እሾህን አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም፤ አልትራሳውንድ ይሻላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ካልሟሸሸ ሄደሽ «እሾህ ቀርቶ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂያቸው።